እድርና የጤና መድን፤ ከትናንት እስከ ዛሬ



በየዓመቱ በምናወጣት በዚህች መጽሔት ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ወርኃዊ መዋጮና ስለ ቅጣት ብዙ ተጽፏል። ዘንድሮ የዝግጅት ክፍሉ «ስለ እርጅናና ስለ ጤና አንድ ነገር ጻፉልን» ብሎ ሲጠይቀን መጀመሪያ ላይ ተሳስቀን ነበር። ይህን የምንጽፈው ሦስት የኮሚቴ አባሎች ስንሆን ሦስታችንም ስልሳን አልፈናል፤ አንዳችን ጉልበቱን ያመዋል፣ አንዳችን የደም ግፊት ክኒን ይውጣል፣ ሦስተኛው ደግሞ «እኔ ደህና ነኝ» ይላል፤ ተመርምሮ ግን አያውቅም። ታዲያ ከእኛ የተሻለ ስለ እርጅና ማን ይጻፍ?

የምንጽፈው ግን ምክር ብቻ አይደለም። እድር፣ ጡረታና የጤና መድን የሚባሉት ሦስት ነገሮች በሰፈራችን እንዴት እንደ መጡና የት ላይ እንዳልተገናኙ ለማሳየት ነው። ምክንያቱም አምና በመካከላቸው ባለው ክፍተት አንድ ወንድማችን ወድቋል።

ስሙን አንጠራም፤ ቤተሰቡን እናውቃለን፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ዕድሜውን በጥጥ ሥራ ያሳለፈ ሰው ነበር። ሠራተኛ ሲቀነስ ጡረታ ሳይደርስለት የአንድ ጊዜ ክፍያ ተቀብሎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ እዚህም እዚያም ዘበኛ ሆኖ ሠራ። ደረቱን ያፍነው እንደነበረ ሁላችን እንሰማ ነበር፤ በእድር ስብሰባ ላይ እንኳ ሲስል ንግግሩን ያቋርጥ ነበር። የጤና መድን ደብተር አውጥቶ ነበር። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሳያሳድሰው ቀረ። «ሳልታመም ከፍዬ ገንዘቤ ቀረ» ብሎ ነበር ለባለቤቱ። በሦስተኛው ዓመት በጠና ሲታመም ደብተሩ አይሠራም፣ እጁ ላይ ገንዘብ የለም፣ ልጆቹም ሩቅ ናቸው። ለአንድ ወር ቤት ውስጥ ተኛ። ሐኪም ቤት ሲወሰድ ዘግይቶ ነበር።

እድራችን እንደ ደንቡ የሚገባውን ሁሉ አደረገ። ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሣጥን ተገዛ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ሦስቱን ቀን አባሎች በተራ አደሩ፣ ለባለቤቱም የሚሰጠው ገንዘብ በእጇ ተቆጠረላት። የሒሳብ ሹማችን ከሳምንት በኋላ ወጪውን ሲደምር እንዲህ አለን፦ ለዚህ ቀብር ካወጣነው ገንዘብ ትንሿ ክፍል የሟቹን የመድን መዋጮ ለሁለቱም ዓመት በሸፈነችለት ነበር። ማንም መልስ አልሰጠውም። ጽሑፉን ለመጻፍ የወሰንነው ያን ዕለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ።

እድር መቼ ተጀመረ የሚለው ነገር ሊቃውንትን ያከራክራል። አንዳንዶቹ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የፈለሱ ሰዎች፣ በተለይም ጉራጌዎች፣ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከዘመድ ርቀው ሲኖሩ «ብሞት ማን ይቀብረኛል» ከሚል ሥጋት አቋቋሙት ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ በጠላት ወረራ ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜና ከዚያ በኋላ እንደ ተስፋፋ ያስረዳሉ። በገጠር ተረዳድቶ የመቀበር ልማድ ከዚህ ሁሉ የቆየ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ወሎ ብትሄዱ ቅሬ ይሉታል። የከተማው እድር ልዩ የሚያደርገው መዝገብ፣ ደንብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው መሆኑ ነው። እንግዲህ ከገጠር የመጣ ሰው፣ ዘመዱ ባልሆነ ጎረቤት መካከል፣ ዘመድ የሚሆነውን ነገር በወረቀት ላይ ጽፎ ፈጠረው ማለት ነው። ስናስበው ትልቅ ብልሃት ነው።

አቃቂና ቃሊቲ ደግሞ የዚህ ዓይነት ሰው የተሰበሰበበት አገር ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በእኛው በር ነው። ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል መብራት ማመንጫዎች አንዱ የሆነው የአባ ሳሙኤል ግድብም የተሠራው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ባቡር፣ መብራትና ውሃ ባለበት ፋብሪካ ይመጣል፤ መጣም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰው በአጭሩ «ኢንዶ» እያለ የሚጠራው የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቃቂ ላይ ተቋቋመ። የብረታ ብረቱ፣ የዱቄቱ፣ የቃጫውና የሌላውም ሥራ በየጊዜው ተጨመረ። ሠራተኛው ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወላይታ፣ ከጉራጌ ምድር ነው የመጣው። ከአካባቢው ኦሮሞ ገበሬ ጋርም ተጎራብቶ ኖረ። የዚያ ዘመን ሰው ሁለት እድር ነበረው፤ አንዱ የሰፈር፣ ሁለተኛው የሥራ ቦታ። ሴቶቹም የራሳቸው እድር ነበራቸው፤ እንዲያውም ሒሳብ በማያዛባ አያያዝ የሴቶቹ ይበልጥ እንደነበረ እናቶቻችን ዛሬም ይከራከሩናል። እኛም አንክድም።

ስለ ጡረታ ስናነሣ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በሕግ የተደነገገው በ1953 ዓ.ም. ሲሆን በ1955 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 209 ጸና። በዚያን ጊዜ ጡረታ ማለት የቢሮና የወታደር ነገር ነበር። የግል ፋብሪካ ሠራተኛ አርጅቶ ሲወጣ ከድርጅቱ ቸርነት በስተቀር የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ጥር ወር ትላልቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት ሲወረሱ የእኛም ሰፈር ፋብሪካ አብሮ ተወረሰ፤ የጡረታውም ሕግ ወደ መንግሥት ድርጅቶች ሠራተኞች ተዘረጋ። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር እናማለን፤ ለጥጥ ሠራተኛው ግን የጡረታ ደብተር ማግኘት ትልቅ ነገር እንደነበረ መመስከር ተገቢ ነው። ዛሬ በሰፈራችን በወር በወር ባንክ ቤት ተሰልፈው የሚታዩት አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ሠራተኞች ናቸው።

የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። በዚያ ዓመት በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 715 ነው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተቋቋመው። ዛሬ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 11 ከመቶ ይቆረጣል። ለወር አበል የሚያበቃው ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ጣቱን ቢያሳርፍ ደስ ይለናል። ከላይ ያነሣነው ወንድማችን ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በዘበኝነት የሠራባቸው ዓመታት አብዛኞቹ ከ2003 በፊት ስለሆኑ ለጡረታ አልተቆጠሩለትም። ከዚያ በኋላ ያሉትም 10 ዓመት አልሞሉም። ሕጉ መጣ፤ እሱ ላይ ግን አልደረሰም። እንደዚህ ዓይነት ሰው በሰፈራችን ስንት አለ? ቁጠሩ እስቲ በየጎረቤታችሁ።

በመካከሉ ደግሞ የእድሩ ራሱ ታሪክ አለ። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ወጥቶ ቀበሌ ሲቋቋም፣ ድሮ ሰፈሩን ያስተባብር የነበረው እድር ሥራው በቀብርና በኀዘን ላይ ብቻ እንዲወሰን ሆነ። ከዚያ በፊት ግን መንገድ ያሠራ፣ ውሃ ያስገባ፣ ለተቃጠለ ቤት ያዋጣ እድር ብዙ ነበር። በኋላም፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ኤች አይ ቪ ኤድስ ሰውን እያነሣ ሲጥል፣ በአንድ ወር ስንት ድንኳን እንደምንተክል ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ነው ብዙ እድሮች «ሞቶ ከመቅበር በሕይወት እያለ መርዳት ይሻላል» ብለው በሽተኛና ወላጅ አልባ ሕፃን መርዳት የጀመሩት። እንግዲህ «እድር ለቀብር ብቻ ነው» የሚለን ሰው አባቶቹን በደንብ አልጠየቀም ማለት ነው።

ስለ ሕክምናውም ጥቂት እንበል። ከአድዋ ድል በኋላ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በአዲስ አበባ ሲያክሙ ቆዩ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በ1902 ዓ.ም. ገደማ ተከፈተ። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የእኛ ሰፈር ሰው ግን ከበድ ያለ በሽታ ሲይዘው ለብዙ ዘመን መሀል ከተማ ድረስ በአውቶቡስ መጓዝ ነበረበት። በ2004 ዓ.ም. በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በክፍለ ከተማችን ሥራ ሲጀምር ነው ነገሩ የተለወጠው። ስሙ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ በአምስትና በአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ ላጠለቀችው ለጥሩነሽ ዲባባ መሆኑን ልጆቻችሁ ሳይነግሯችሁ አይቀሩም።

ሐኪም ቤት መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ የሚከፈል ገንዘብ መኖሩ ሌላ ነው። ድሮ የሌለው ሰው ከቀበሌው «የነጻ መታከሚያ ወረቀት» ያወጣ ነበር። ወረቀቱን ለማግኘት የሚደረገውን ምልልስ፣ የሚጠየቀውን ምስክርና በመስኮቱ በኩል የሚሰማውን ቃል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰው «ድሀ ነኝ» ብሎ ማስመስከር ይከብደዋል፤ በተለይ በእድር ስብሰባ ላይ ከፊት ወንበር የሚቀመጥ ሽማግሌ። ብዙዎች ወረቀቱን ከመጠየቅ መታመሙን መርጠዋል። ይህን የምንለው ከራሳችን ቤት አይተን ነው።

እንግዲህ ለዚህ ችግር ዓለም ምን መላ አበጀ ብለን ብንጠይቅ ትምህርት የሚሆን ነገር እናገኛለን። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1883 በቢስማርክ ጊዜ የሠራተኞች የበሽታ መድን በሕግ ተደነገገ፤ ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍል ነበር። እኛን ይበልጥ የገረመን ግን የእንግሊዞቹ ነው። በዚያ አገር ፋብሪካ ሲስፋፋ ሠራተኞች በየሰፈሩ ማኅበር አቋቁመው ሳንቲም ያዋጡ ነበር። ለምን ቢሉ ለቀብር! አለበለዚያ መንግሥት የድሀ ቀብር ይቀብራቸዋልና ያን ውርደት ይፈሩ ነበር። ቀስ በቀስ እነዚሁ ማኅበሮች ለታመመ አባል የሳምንት መርጃ መስጠት፣ ሐኪም መቅጠርም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1911 መንግሥት ብሔራዊ የመድን ሕግ ሲያወጣ አዲስ መሥሪያ ቤት ብቻ ከመፍጠር ይልቅ ሥራውን በእነዚሁ ማኅበሮች በኩል እንዲካሄድ አደረገ። ሠራተኛው 4 ፔኒ፣ አሠሪው 3፣ መንግሥት 2 ይከፍሉ ነበር። ጉድለትም ነበረበት፤ የሠራተኛው ሚስትና ልጆች ለሕክምናው አይታቀፉም ነበር። ያም ሆኖ የቀብር ማኅበር ወደ ጤና መድን ሊያድግ እንደሚችል ታሪክ አሳይቷል። የሩዋንዳ ሕዝብም እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስት ወረዳዎች የሙከራ የጤና መድን ጀምሮ ወደ አገር አቀፍ አድርሶታል።

በአገራችንም ይህን ሐሳብ የጻፉ ምሁር አሉ። የሕዝብ ጤና ምሁሩ ፕሮፌሰር ዳመን ኃይለማርያም ከሃያ ዓመት በፊት እድርን ለጤና ወጪ መሸፈኛ መጠቀም ይቻላል ወይ ብለው አጥንተው በውጭ አገር መጽሔት አሳትመዋል። እኛ ሰፈር ግን ጥናቱን የሰማነው ዘግይተን ነው።

መንግሥት በበኩሉ በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን ዐዋጅ ቁጥር 690ን አወጣ። ይህ ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን የሚመለከት ሲሆን ከሠራተኛው 3 ከመቶ፣ ከአሠሪው 3 ከመቶ እንዲዋጣ የታሰበ ነበር። ሆኖም ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። በየዓመቱ «ዘንድሮ ይጀመራል» ሲባል ጡረተኞቻችን መጠበቅ ሰልችቷቸው ነበር። ደመወዝ ለሌለው፣ ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ለቀን ሠራተኛው የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ግን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ፤ ከኦሮሚያ ደግሞ ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ። ከትግራይና ከደቡብም ሦስት ሦስት ወረዳ ነበረበት። ወደ አዲስ አበባ የደረሰው ከገጠሩ ብዙ ዓመት ዘግይቶ በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ለአንዴ እንኳ ገጠሩ ከተማውን ቀደመው።

አሠራሩ አጭር ነው። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ በዓመቱም ደብተሩ ይታደሳል። መጀመሪያ የሚታከሙት በጤና ጣቢያ ሲሆን ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካሉ። ጤና ጣቢያውን ዘለው በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ከወጪው ግማሹን ራስዎ እንዲከፍሉ ይደረጋል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ጥገና፣ የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈንም። መክፈል የማይችለውን መንግሥት ይከፍልለታል፤ እሱም ቢሆን መመዝገብ አለበት። የዘንድሮውን የመዋጮ ልክና የምዝገባውን ወር ከወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ከጤና ጣቢያው ጠይቁ፤ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ ብንጽፈው መጽሔቱ ሳይታተም ያረጃል።

ቅሬታ የለም አንልም። «መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ ተባልን» የሚል አባል ብዙ ነው፤ እውነትም ነው። የተራው ርዝመት፣ የሪፈር ወረቀቱ ምልልስም አለ። ይህን መናገር መብታችን ነው። ነገር ግን መድኃኒት ጎደለ ብሎ ደብተር ሳያሳድሱ መቅረት፣ ዝናብ ገባ ብሎ ጣራውን ሁሉ እንደ መንቀል ይሆናል።

አሁን ዋናው ነጥባችን ጋ ደረስን። ወንድማችን «ሳልታመም ገንዘቤ ቀረ» ያለውን አስታውሱ። እስቲ በእድራችን አርባ ዓመት የከፈለ ሰው «ሳልሞት ገንዘቤ ቀረ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲያውም «እግዜር ይመስገን፣ ሳልበላው ቆየሁ» ነው የሚለው። በእድር ገንዘብ ያልተጠቀመ ሰው ዕድለኛ ይባላል። በጤና መድን ገንዘብ ያልተጠቀመው ግን የተበላ ይመስለዋል። ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት እድሩን የምናውቀው በዓይናችን ስለሆነ ነው፤ ድንኳኑን እናያለን፣ ገንዘብ ያዡን በስሙ እንጠራዋለን፣ የእገሌን ቀብር አብረን ሸኝተናል። የመድኑ ገንዘብ ግን የት እንደ ገባ አናይም። ዛሬ ጠዋት የማናውቃት እናት በእኛ መዋጮ ወልዳ ይሆናል፤ ጥሩምባ የሚነፋላት የለም።

ሁለተኛው ምክንያት የሒሳብ ነው። ሞት ለሁሉም አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ቀኑ ነው የማይታወቀው። በሽታ ግን ላንዱ ዐሥር ጊዜ ይመጣል፣ ሌላውን ጭራሽ ይዘለዋል፤ ወጪውም ካንዱ ካንዱ ይለያያል። ስለዚህ ጤነኛው ካልገባበት፣ በሽተኛ ብቻ የሚዋጣበት ሣጥን ቶሎ ይነጥፋል። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ሰው ሊሞት ሲያጣጥር እድር ግቡ ብሎ ቢመጣ አይቀበሉትም ነበር፤ መግቢያ አለ፣ መቆያ ጊዜ አለ፣ ያልከፈለ ይቀጣል። የመድኑም ደንብ ቤተሰቡን በሙሉ የሚመዘግበውና በዓመት የምዝገባ ጊዜ የሚወስነው በዚሁ ብልሃት ነው። ለእድር ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። እንዲያውም ከእድር ሰው በቀር ማን ይረዳዋል?

ስለ ጤናው ራሱ ደግሞ የምናውቀውን እንናገር። የጥጥ ሥራን በተመለከተ፣ የአቃቂ ሰው በቀላሉ ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ በአንድ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 595 ሠራተኞች ተመርምረው ነበር። ጥጡ በሚፍታታበትና በሚነፋበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 ከመቶው፣ ካርዲንግ በሚባለው፣ ጥጡ በሚበጠርበት ክፍል ደግሞ 37.5 ከመቶው ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ከጥጥ ብናኝ የሚመጣ ነው። ምልክቱ የሚያስገርም ነው፤ መጀመሪያ ላይ ደረት የሚጨመድደው ከዕረፍት ቀን በኋላ ወደ ሥራ በተመለሱበት ቀን ብቻ ነው። ሰኞ ያፍናል፣ ሐሙስ ይሻለዋል። ሰው ታዲያ «የእሑድ ጠላ ነው» ይላል። በዓመታት ውስጥ ግን ሰኞው ወደ ማክሰኞ፣ ወደ ሳምንቱም ሁሉ ይዛመትና ሳንባው ሳይመለስ ይቀራል። ስለዚህ በጥጥ የሠራ አባል ሁሉ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ «ምን ሠርተሃል» ባይባልም እንኳ ራሱ ይንገር። «ጥጥ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ሠርቻለሁ» ይበል። ሳል ሁሉ ብርድ አይደለም። ሲጋራ የሚያጨስ ደግሞ ዛሬውኑ ይተው፤ ብናኝና ሲጋራ አንድ ላይ ክፉ ናቸው። ቤት ዘግቶ ከሰል ማያያዝም እንዲሁ።

የደም ግፊት ድምፅ የሌለው በሽታ ነው። ራስ ምታት ሳይኖር፣ ማዞር ሳይኖር ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ አንድ ቀን ደግሞ ግማሽ አካልን ያሽመደምዳል። ልኬቱ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ተደጋግሞ ከተገኘ ክትትል ያስፈልጋል። ክኒኑ «ተሻለኝ» ተብሎ አይቋረጥም፤ የተሻለው በክኒኑ ነውና። ከእድራችን ሁለት ሰው በዚህ ምክንያት አልጋ ላይ ወድቀዋል። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ ይባላል። የእኛ ሰው ግን ሽሮው ላይ፣ በርበሬው ላይ፣ ወጡ ላይ፣ አንዳንዴም ቡናው ላይ ሳይቀር ይጨምራል። እናቶቻችን ይቅር በሉን፤ ስኒው ውስጥ ያለውን አይተናል።

ስኳር በሽታ ያለበት አባል በጾም ወራት መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ የክርስቲያኑም የእስላሙም ጾም እንዲሁ። ዓይን የደበዘዘበት ሁሉ «እርጅና ነው» ብሎ አይቀመጥ፤ ሞራ ከሆነ በቀዶ ጥገና ይገፈፋል። እግር ጉዞን በሚመለከት በሳምንት 150 ደቂቃ መራመድ ይመከራል። ይኸውም በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ከእድር አዳራሻችን እስከ አስፋልቱ ደርሶ መልስ ይበቃል። ብቻችሁን ከሰለቻችሁ እንደ ቀብር ሸኚ በቡድን ሂዱ፤ እሱንማ እናውቅበታለን።

ከአቃቂ ወንዝ በመስኖ የሚበቅለውን አትክልት በተመለከተም አንድ ቃል እንጨምር። ወንዙ ከከተማው ሁሉ ቆሻሻ ተሸክሞ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ሰላጣና ቆስጣ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ የሚበስለው ይብሰል። ማጠብ ከፋብሪካ የሚመጣውን ሁሉ እንደማያስወግድ ግን እናውቃለን፤ ይህ የአንድ እድር ሳይሆን የከተማው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ያስወቅሰናል። ለእርጅና ማሰብ ለአንዳንዱ ሰው እንደ መሟረት ይቆጠራል። «ክፉ አታውሩብን» ይላሉ። ለሞቱ ግን ከአርባ ዓመት በፊት ተመዝግቧል! ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ ሣጥኑ ተቆጥሮ፣ ድንኳኑ ተጠቅልሎ ይጠብቀዋል። ከሞት በፊት ስላለው ዐሥር ወይም ሃያ ዓመት ነው ማሰብ የፈራው።

የኮሚቴው ሐሳብ እንግዲህ የሚከተለው ነው፤ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል፣ ልትቀበሉትም ልትጥሉትም ትችላላችሁ። እድሩ ራሱ የጤና መድን አይሆንም፤ ገንዘባችን ለአንድ ከባድ ቀዶ ጥገና እንኳ አይበቃም፣ ተሞክሮም ሣጥኑ ባዶ ቀርቶ የቀብሩም ሥራ ሊስተጓጎል ይችላል። ነገር ግን ከስልሳ ዓመት በላይ ሆነው የዓመቱን የመድን መዋጮ መክፈል ላቃታቸው አባሎች እድሩ በብድር መልክ ይክፈልላቸው፤ እነሱም በወር በወር ከመዋጯቸው ጋር ጨምረው ይመልሱ። ጨርሶ የማይችለውን ደግሞ የመንግሥት ድጋፍ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ኮሚቴው ራሱ ወረዳ ድረስ ሄዶ ይመስክርለት። ሽማግሌው በመስኮት ፊት እንዳይቆም ነው።

በኮሚቴው ውስጥ ይህን የተቃወመ አለ። «ዛሬ ለሕክምና ካበደርን ነገ ለልጅ ሰርግ አበድሩ እንባላለን» ብሏል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እኛም በሙሉ ልብ መልስ አልሰጠነውም። ስለዚህ በጉባኤው ላይ እሱም ሐሳቡን እንዲያስረዳ ተስማምተናል።

እስከዚያው ግን ጸሐፊያችን በወርኃዊው መዋጮ መዝገብ ላይ፣ ከቅጣቱ ዐምድ ቀጥሎ፣ አንድ አዲስ ዐምድ አስምሯል። ራሱ ላይ «የጤና መድን ደብተር የታደሰበት ቀን» ይላል። በሚመጣው የወሩ መጀመሪያ እሑድ ለመክፈል ስትመጡ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። የሌላችሁም ኑ፤ ባዶውን ቦታ በእርሳስ እንጽፈዋለን።